መኪናዬ «ቋ» ትላለች፦ የፊት እግርና የመሪ ድምፅን ስለመለየት

ለአሽከርካሪዎችና ለመኪና ባለቤቶች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስለ ጎሚኒና ስለ ባልጆይንት ለመስማት የሚመጣ ሰው ወይ መኪና ይወዳል፣ ወይ መኪናው አስቸግራዋለች። አብዛኞቻችሁ ከሁለተኞቹ እንደሆናችሁ ከፊታችሁ ያስታውቃል።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ኮብልስቶን ላይ ስትገቡ፣ ጉድጓድ ስትረግጡ ወይም መሪ ስታዞሩ ከፊት በኩል «ቋ» የሚል። አንዳንዴ «ጓ»፣ አንዳንዴ «ጠቅ»። የሞተር ችግር አይደለም፣ ዳሽቦርድ ላይ መብራት አያበራም፣ ኮምፒውተር ቢሰካም በአብዛኛው ምንም አያሳይም። ለዚህ ነው ሰው የሚሰቃይበት።

አንድ ቪትዝ አስቡ። ኮብልስቶን ላይ ታንኳኳለች። ባለቤቱ ጋራዥ ይወስዳታል። «ሾክ አብዞርበር ነው» ይባላል፤ ሁለቱም ይቀየራሉ። ድምፁ አለ። «እንግዲያው ሎወር አርም ነው»፤ ይቀየራል። ድምፁ አሁንም አለ። በመጨረሻ «መሪው ራሱ አልቋል» ይባልና ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ራክ፣ ማለትም የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ዕቃ፣ ፍለጋ ይወረዳል። ብሩ ካለቀ በኋላ ጥፋተኛዋ የጣት ውፍረት ያላት የስታብላይዘር ሊንክ ሆና ትገኛለች። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሿ። አንዳንዶቻችሁ እየሳቃችሁ ነው፤ በራሳችሁ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

መካኒኩን ብቻ አልወቅስም። ደንበኛው ቁልፉን ሰጥቶ «ድምፅ አላት፣ እያት» ብሎ ይሄዳል። የጋራዡ ግቢ ሜዳ ነው። መኪናዋ እዚያ ስትደርስ ዝም ትላለች፤ ይሄ የመኪና ሁሉ ጠባይ ነው። መካኒኩ ምን ያድርግ? ይገምታል። ግምቱን የምትከፍሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ዛሬ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ እወቁ። «ድምፅ አላት» ከማለት «ቀኝ ጎማ ብቻውን ጉድጓድ ሲረግጥ ትላለች፣ ፍሬን ስይዝ ትጠፋለች» ማለት ሥራውን በግማሽ ይቀንሰዋል።

መጀመሪያ እዚያ ሥር ምን እንዳለ በአጭሩ እንይ። ከላይ እንጀምር። ኮፈኑን ስትከፍቱ በግራና በቀኝ በኩል ክብ ነገር ታያላችሁ፣ መሐሉ ላይ ትልቅ ዳዶ ያለው። የሾክ አብዞርበሩ ጫፍ ነው። ከሥሩ ወፍራም ጎማና ኩሽኔታ አለ፤ መሪ ስታዞሩ ሾኩ ከነሞላው በዚያ ላይ ይዞራል። ወደ ታች ስትወርዱ ጎማውን የያዘው ብረት ይመጣል። እሱን ከሎወር አርም፣ ከታችኛው ክንድ፣ ጋር የሚያገናኘው ባልጆይንት ነው። ባልጆይንት እንደ ትከሻችን ነው፤ ክብ ጭንቅላት በጎድጓዳ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ወደየአቅጣጫው ይዞራል። ሎወር አርሙ ደግሞ በሌላው ጫፉ በጎሚኒዎች፣ ማለትም በብረቶች መካከል በሚገቡ ትናንሽ የላስቲክ ማስገቢያዎች፣ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። ከመሪው በኩል ታይሮድ ይመጣል፤ ጫፉ ላይ ያለውን ብዙዎቻችን ቴስቲኒ እንለዋለን። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሻገረው ቀጭን ብረት ስታብላይዘር ነው፤ ጫፎቹን ከሾኩ ወይም ከሎወር አርሙ ጋር የሚያያይዙት ሊንኮች ናቸው።

ሾኩና ሞላው አንድ ላይ ቆመው፣ ከታች አንድ ክንድ ብቻ ያለበት ይህ አሠራር ማክፈርሰን ይባላል። ኧርል ማክፈርሰን አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። ጀነራል ሞተርስ ውስጥ ሳለ ለአንዲት ትንሽ ሼቭሮሌ ያሰበው ሐሳብ ነው። መኪናዋ ሳትመረት ቀረች። ሰውየው ወደ ፎርድ ሄደ፣ ሐሳቡም እዚያ መኪና ላይ ወጣ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማለት ነው። ዛሬ ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ኤላንትራ፣ ሁሉም በዚህ ነው የቆሙት። ሐረር ላይ ታክሲ ሆነው የኖሩት ፔጆ 404ዎችም የፊት እግራቸው እንዲሁ ነው።

ላዳ ግን ሌላ ናት። ሁለት ክንድ አላት፣ የላይና የታች። ሞላዋ የታችኛው ክንድ ላይ ይቀመጣል። በየጎኑ ሁለት ሁለት ባልጆይንት አላት። መሪዋም ራክ የለውም፤ ሳጥን ነው፣ ከሳጥኑ ትይዩ በሌላው ጎን ደግሞ ዘንጉን የሚደግፍ ክንድ አለ። የእሱ ጎሚኒ ሲያልቅ ላዳዋ መሪ ላይ መዋለል ትጀምራለች። ይህን ልዩነት ያነሳሁት ለታሪክ ብዬ አይደለም። ክሪክ የት እንደምታስገቡ ይወስናል፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ፍለጋው። ከሁሉ በፊት ሞኝ የሚመስሉትን ነገሮች ጨርሱ። የኋላ ሻንጣ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጡ፤ ክሪክ፣ ትርፍ ጎማ፣ ጀሪካን፣ የወንበር ሥር ጠርሙስ ሳይቀር። ድምፅ አሳሳች ነው፤ ከኋላ የመጣውን ከፊት የመጣ ያስመስላል። ከዚያ የጎማ ዳዶዎችን በቁልፍ ሞክሩ። በተለይ በቅርቡ ጎሚስታ ጋ ከነበራችሁ። የላላ ዳዶ ያለው ጎማ ያንኳኳል፣ እየነዳችሁት ድምፁ ይብሳል፣ መጨረሻው ጎማው መውለቅ ነው። ይህን ሳያዩ ሾክ የሚቀይሩ አሉ። ከሥር ደግሞ ቀጫጭን ቆርቆሮዎችን በእጃችሁ ነካ ነካ አድርጉ፣ የጭስ ማውጫው ከቀዘቀዘ በኋላ። የሙቀት መከላከያዋ ቆርቆሮ አንዲት ብሎን ስትወልቅባት መኪናዋ የፈረሰች ያህል ታስጮሃታለች።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ፣ መኪናውን አቁማችሁ መሪውን አናግሩት። ሞተር ይነሳ፣ መስኮት ይከፈት፣ ሬዲዮ ይጥፋ። ጎማዎቹ መሬት ላይ ናቸው። መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አጠር አጠር አድርጋችሁ አወዛውዙት፤ እስከ መጨረሻው ማዞር አያስፈልግም። ሌላ ሰው ደግሞ ጎማው ጋ ቁጭ ብሎ ያዳምጥ። እጁን ቴስቲኒው ላይ ቢያሳርፍ ጥሩ ነው፤ ያለቀ መገጣጠሚያ ከጆሮ በፊት በጣት ይታወቃል፣ ሲነካ «ጠቅ» ይላል። ግን ጣቱን በሚንቀሳቀሱ ብረቶች መካከል እንዳያስገባ። ሁለታችሁም ሳትነጋገሩ መሪውን የሚያዞር አይኑር።

እዚህ ላይ የሚሰማው ከየት እንደሆነ ልዩነት አለው። ከእግራችሁ አካባቢ፣ ከፔዳሎቹ በላይ «ጠቅ ጠቅ» ካለ ከመሪው ወደ ራኩ የሚወርደው ዘንግ ነው። መገጣጠሚያ አለው፣ እሱም ያልቃል፣ ብሎኑም ይላላል። የኤሌክትሪክ መሪ ባላቸው አንዳንድ የሃዩንዳይ መኪኖች፣ ኤላንትራን ጨምሮ፣ ሌላ ነገር አለ። የመሪው ሞተር ውስጥ ኮከብ የምትመስል ትንሽ የጎማ ማያያዣ አለች። በጊዜ ብዛት ትፈረፈራለች። ያኔ መሪው በትንሹ ወዲያ ወዲህ ሲል ያንኳኳል። ዕቃዋ ርካሽ ናት፤ ሥራው ግን መሪውን ማውረድ ስለሚጠይቅ ጊዜ ይበላል። ይህን የማያውቅ ሰው ራኩን በሙሉ ያስቀይራችኋል።

ከታች፣ ከጎማው በኩል ካንኳኳ ቴስቲኒ ወይም ከራኩ ጋር የተያያዘው የውስጥ ጫፍ ነው። ከመሐል ከሆነ ራኩ ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸው ጎሚኒዎችና ብሎኖች ይታዩ፤ ራኩ ራሱ ከቦታው ሲንቀሳቀስ በዓይን ይታያል። ከላይ፣ ከኮፈኑ ሥር ሞላው ሲታጠፍና ድንገት ሲለቀቅ «ጠንግ» ካለ የሾኩ ራስ ኩሽኔታ ነው። አልዞር ብሏል፤ ሞላው ይጠመዘዝና ይፈናጠራል። እጃችሁን ሞላው ላይ ብታሳርፉ በደንብ ይሰማችኋል።

ቆማ ዝም ካለች ወደ መንገድ እንውጣ። እዚህ ላይ ከሁሉ የምወደው ሙከራ አለ። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ፈልጉ፣ ሰው የማይበዛበት ሰፈር ውስጥ። መጀመሪያ ቀጥ ብላችሁ፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል እንዲወጡ አድርጋችሁ በዝግታ እለፉ። ቀጥሎ ገደም ብላችሁ እለፉ፣ አንዱ ጎማ ቀድሞ እንዲወጣ። ለምን? ስታብላይዘሩ የሚሠራው አንዱ ጎማ ከሌላው ሲለይ ነው። ሁለቱ አብረው ሲወጡና አብረው ሲወርዱ ብረቱ አይጠመዘዝም፣ ሊንኮቹ ላይም ጉልበት አያርፍም። ስለዚህ ቀጥ ስትሉ ዝም ብላ ገደም ስትሉ ካንኳኳች፣ ሊንኩን ወይም ስታብላይዘሩን የያዙትን ጎሚኒዎች ጠርጥሩ። ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስትሄዱ «ቋቋቋቋ» የምትለውም በአብዛኛው ይቺ ናት፤ እያንዳንዱ ድንጋይ አንዱን ጎማ ለብቻው ስለሚያነሳ። ሁለቱንም ዓይነት ስታልፉ አንድ ጊዜ ከበድ ያለ «ጓ» ካለ ግን ወደ ሾኩ፣ በሾኩ ጫፍ ሥር ወዳለው ወፍራም ጎማና ወደ ሎወር አርም ጎሚኒ ሂዱ።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። ኮብልስቶኑ ላይ እየሄዳችሁ ፍሬኑን በስሱ ያዙ፣ መኪናውን ለማቆም ሳይሆን ሸራዎቹ ዲስኩን እንዲነኩ ያህል። ድምፁ ወዲያው ከጠፋ፣ የሚያንኳኳው የፍሬን ሸራው ወይም ካሊፐሩ ነው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ሲያልቁ ክፍተት ይፈጠራል። ፍሬን ስትይዙ ይታፈናሉ፣ ስትለቁ ይዘላሉ። ይህን ባለማወቅ ስንት እግር ተፈቷል!

በተቃራኒው፣ ፍሬን ጠበቅ አድርጋችሁ ስትይዙ አንድ ጊዜ «ጓ» ብላ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ማርሽ አስገብታችሁ ስትነሱ ደግማ «ጓ» ካለች የሎወር አርሙ የኋላ ጎሚኒ ነው የሚያስጠረጥረው። ጎማው ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲገፋ ክንዱ አብሮ ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚምታታ ነገር አለ። የሞተሩ ማውንቲንግ፣ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚይዘው ጎማ፣ ሲያልቅም ማርሽ ከዲ ወደ አር ሲገባ ይመታል። መለያው ይህ ነው። መኪናው ቆሞ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሽ ሲቀያየር ብቻ ከመታ ሞተሩን ተመልከቱ፤ ሲንቀሳቀስና ሲቆም ከመታ ጎሚኒውን።

መሪ እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ነዳጅ ስትሰጡ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል፣ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚፈጥን ድምፅ የሲቪ ጆይንት፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መገጣጠሚያ፣ ነው። እሱ ራሱን ስለሚናገር ጊዜ አላጠፋበትም።

በዚህ መሐል አንድ ሰው ከጎናችሁ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ውጭ ይኑር። ከውጭ ያለው በእግሩ ከመኪናዋ ጎን ይራመድ፣ እናንተ እንደ ሰው እርምጃ ትነዳላችሁ። ሹፌሩ ብቻውን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ጎኑን ይስታል፤ ብረት ድምፅን ከግራ ወደ ቀኝ ያሻግራልና። ከቀኝ ነው ብሎ የማለ ሰው ከግራ ሲገኝ ብዙ አይቻለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ክሪክ የሚወጣው። መጀመሪያ ግን ደኅንነት። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመሸከም አይደለም። ካነሳችሁ በኋላ የብረት መደገፊያ ከሻንሲው ሥር አስገቡ። ድንጋይ ደርድሮ ከሥር መግባት ልማድ ሆኖብናል። ድንጋይ ይሰነጠቃል፣ ይንሸራተታል። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የኋላ ጎማዎች ይታገዱ።

አሁን ወደ ላዳና ቪትዝ ልመለስ። ቪትዝ ላይ የመኪናው ክብደት በሾኩና በሞላው በኩል ነው የሚወርደው፤ ባልጆይንቱ ክብደት አይሸከምም። ስለዚህ ከሻንሲው አንሱት፣ ጎማው ይንጠልጠል፤ ባልጆይንቱ ነጻ ይሆናል፣ ካለቀ ይታያል። ላዳ ላይ ግን ሞላው የታችኛውን ክንድ ይገፋል። ከሻንሲው ብታነሷት ሞላው ባልጆይንቱን ወጥሮ ይይዘዋል፣ ያለቀውም ደህና ይመስላል። ክሪኩ ከታችኛው ክንድ ሥር፣ ወደ ጎማው ጠጋ ብሎ መግባት አለበት። በሞላ ፋንታ የሚጠመዘዝ ዘንግ ያላቸው አንዳንድ የቀድሞ ሃይሉክሶችም ዘንጉ የታችኛው ክንድ ላይ ስለሚታሰር እንዲሁ ናቸው። አንድ መኪና በአንዱ ጋራዥ «ባልጆይንቱ ደህና ነው»፣ በሌላው «አልቋል» የሚባለው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ያነሱት ግን ከተለያየ ቦታ ነው።

ጎማው ከተነሳ በኋላ ከላይና ከታች ያዙት። ነቅንቁት። ክፍተት ካለ ወይ ባልጆይንት ነው፣ ወይ የጎማው ኩሽኔታ። ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ተይዞ ክፍተቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ባልጆይንቱ። ከዚያ ከግራና ከቀኝ ያዙት፣ እንደገና ነቅንቁት። ይህ ቴስቲኒውንና የውስጡን ጫፍ ያሳያል። በመጨረሻ ረጅም ብረት ሎወር አርሙ ጋ አስገብታችሁ በዝግታ ፈልቅቁ። ጎሚኒ ትንሽ መለጠጥ ሥራው ነው። መሰንጠቅና ብረት ከብረት መነካካት ግን ሥራው አይደለም።

ሊንክን ግን አንዱን ጎማ ብቻ አንስታችሁ አትፈትሹት። ስታብላይዘሩ ይወጠርና ክፍተቱን ይደብቃል። ወይ ሁለቱም ጎማዎች መሬት ይሁኑ፣ ወይ ሁለቱም እኩል ይንጠልጠሉ። ያኔ በእጃችሁ ያዙት፣ ወዝውዙት። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ሁለቱንም ሊንኮች ፈትታችሁ አጭር ርቀት፣ በዝግታ ሞክሯት። መኪናዋ ኩርባ ላይ ከወትሮው ትጋደላለች፣ ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ብቻ። ድምፁ ከጠፋ ገንዘባችሁ ተረፈ።

ስለ ሾክ አንድ ነገር። ፓራፋንጎውን ተጭኖ መኪናውን ማዘለል፣ «ሁለት ጊዜ ዘለለ፣ ሾኩ ሞቷል» ማለት የተለመደ ነው። ያ ስለ መርገብገብ ይነግራችኋል፣ ስለ ድምፅ ግን ብዙም አይነግርም። ያለቀ ሾክ አብዛኛውን ጊዜ መኪናን ያንሳፍፋል እንጂ አያንኳኳም። ዘይት ካፈሰሰ ይቀየር፣ አይከራከሩበትም። ድምፁ ሾክ ከተቀየረ በኋላ የጀመረ ከሆነ ግን ወደ ሠሩበት ቦታ ተመለሱና የላይኛውን ዳዶ አስፈትሹ። ያልጠበቀ የሾክ ዳዶ አዲስ ዕቃ ላይ ከሚሰሙ ድምፆች ዋነኛው ነው።

ራክም እንዲሁ። ራኩ ሥር ክፍተት ማስተካከያ ዳዶ አለ። «ጠበቅ አድርገንልሃል፣ ድምፁ ጠፍቷል» ይላሉ። አንዳንዴ እውነት ነው፣ በትንሹና በልኩ ከተደረገ። አብዝተው ካጠበቁት ግን መሪው ይደርቃል። ኩርባ ከጨረሳችሁ በኋላ በራሱ አልመለስ ይላል። እንዲህ ካለ መኪና የሚያንኳኳ መኪና ይሻላል ባይ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ። ጥቂቶቹን እዚህ አስገብቻለሁ።

አንዲት እህት «እየነዳሁ ልቆይ ወይስ ላቁማት?» አለችኝ። እህቴ፣ እንደ ዕቃው ነው። ሊንክ ያናድዳል፣ ነገር ግን በዝግታ እየነዳሽ ገንዘብ እስክታገኚ ሊያቆይሽ ይችላል። የሾክ ራስ ጎማም እንዲሁ። ባልጆይንትና ቴስቲኒ ግን አይለመኑም። ባልጆይንቱ ከቤቱ ከወጣ ጎማው ወደ ውጭ ይታጠፍና መኪናዋ በሆዷ ትወድቃለች። ቴስቲኒ ከተለያየ አንዱ ጎማ መሪሽን አይሰማም። ክፍተት በእጅ የሚታይ ከሆነ ወደ ቤት አትንጂያት፣ እዚያው ትሠራ። የጎማ ልባሳቸውን ተመልከቺ። ከተቀደደ ግሪሱ ይወጣል፣ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ውኃ ይገባል። ገና ሳያንኳኩ ቀድመው የሚናገሩት እዚያ ላይ ነው።

አንድ ወጣት ያገለገለ መኪና ሊገዛ እንደሆነ ነገረኝና ስለ ግሪስና ዘይት ጠየቀኝ። ጥሩ ጠየቅህ። ያለቀ ባልጆይንት ውስጥ ግሪስ ቢወጋ ለጊዜው ዝም ይላል። ጎሚኒ ላይ ዘይት ቢረጭም ሲጥ ሲጥ ማለቱን ያቆማል። ለሽያጭ ቀን ይበቃል። የሞተር ዘይት ግን ጎሚኒን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ዕድሜውን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ስትገዛ ከሥር ተመልከት። መኪናው ሁሉ አቧራ ሆኖ መገጣጠሚያዎቹ ብቻ በአዲስ ግሪስ የሚያብለጨልጩ ከሆነ ለምን ብለህ ጠይቅ። ሙከራህንም አስፋልት ላይ ብቻ አታድርግ፤ ኮብልስቶን ውሰዳት።

አንድ የላዳ ባለቤት፣ ጋሼ፣ «አዲስ ጎሚኒ አስገባሁ፣ ብዙም ሳይቆይ ተቀደደ፣ ዕቃው ኮፒ ነው?» አሉ። ሊሆን ይችላል ጋሼ። ነገር ግን አገጣጠሙንም ይጠይቁ። ጎሚኒውን የያዘው ብሎን በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ መጥበቅ ያለበት መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱን ሲሸከም ነው። እግሩ እንደተንጠለጠለ ካጠበቁት፣ መኪናው መሬት ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆሞም እንኳ እየተወጠረ ነው። በጥቂት ጊዜ ይሰነጠቃል። ይህን አውቀው በትዕግሥት የሚሠሩ አሉ፤ ቸኩለው የሚዘሉትም አሉ። ቴስቲኒ ወይም ሎወር አርም ከተቀየረም አላይመንት፣ የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ አይቅር፣ አለበለዚያ አዲሶቹን ጎማዎች በአንድ ጎን ይበላቸዋል። ቴስቲኒው ላይ ያለችው የምትታጠፍ የሽቦ ፒንም አዲስ ትሁን፤ የድሮዋን አቃንቶ መመለስ ቁጠባ አይደለም።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነበር። በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖችን ማስገባት ከ2024 ጀምሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከተከለከለ ወዲህ ይህን ጥያቄ በየቦታው እሰማለሁ። «አዲስ ናት፣ ግን ቋ ቋ የምትል ይመስለኛል» አለ ጠያቂው። ሁለት ነገር ልንገርህ ወንድሜ። አንደኛ፣ የሞተር ድምፅ ስለሌለ ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረው ሁሉ አሁን ይሰማሃል። ሁሉም ድምፅ ብልሽት አይደለም። ሁለተኛ፣ ክብደቷን አስብ። ቪትዝ 1000 ኪሎ ገደማ ናት። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያለች የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ባትሪዋን ይዛ ወደ 2000 ኪሎ ትጠጋለች፣ ትልቁ ባትሪ ካላት ትበልጣለች። ያ ሁሉ ክብደት በዚሁ ኮብልስቶን ላይ ነው የሚወርደው። እግሯ ሲነካ የምትፈትሹበት መንገድ እስካሁን ከነገርኳችሁ አይለይም፤ ጉብታው ያው ነው፣ ፍሬኑ ያው ነው። የሚለየው ማንሻው ነው። ከሆዷ ሥር ከዳር እስከ ዳር ያለው ባትሪ ነው። ክሪክ በጎን ጠርዝ ላይ በተዘጋጁት ቦታዎች ብቻ ይገባል፣ መሐል ላይ በፍጹም። ጎሚስታው ክሪኩን ይዞ ሲመጣ ከመኪናው ውረድና ቦታውን አንተ አሳየው።